ጄፍሪ ታውንሰንድ፦ አርክቴክትነቱን ትቶ ሰፈር የሠራው ሰው ድርሻው ምን ነበር?

መንገደኛዋ፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

የምኖረው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ከብላክሂዝ ብዙም በማይርቅ አካባቢ ነው። ወደ ባቡር ጣቢያ ስሄድ ላለፉት ስምንት ዓመታት የማቋርጠው አንድ ሰፈር አለ። ቤቶቹ ከሦስት ፎቅ አይበልጡም፤ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ መስኮቶቻቸው ሰፋፊ ናቸው። መኪኖቹ ራቅ ብለው በተሠሩ ጋራዦች ስለሚቆሙ ከደጃፍ ላይ አይታዩም፤ በቤቶቹ መካከልም አጥር ያልገባበት ሣርና በዕድሜ የገፉ ዛፎች አሉ። ሆልጌት በሚባለው ሕንፃ ላይ ደግሞ ኪዝ ጎድዊን የተባለ ቀራጺ የሠራው፣ ከበላዩ በተጫነው ክብደት የጎበጠ ሰው ምስል ይታያል። የምስሉ ስም «አርክቴክት በኅብረተሰብ ውስጥ» እንደሆነና ሠሪዎቹ የግንባታ ፈቃድ ለማግኘት ያደረጉትን ረጅም ክርክር ለማስታወስ እንደቆመ ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

ሰፈሩን የሠራው ስፓን የተባለ ድርጅት ነው። ስለ ስፓን ያነበብኩት ሁሉ የሚያወራው ስለ አርክቴክቱ ስለ ኤሪክ ላየንስ ነው። ጄፍሪ ታውንሰንድ ግን በአንድ መስመር ብቻ ይነሣል፤ «አርክቴክት የነበረ፣ በኋላ ቤት አልሚ የሆነ» ይባልና ይታለፋል። እኔን የገረመኝ ይኸው አንድ መስመር ነው። ለዓመታት ተምሮ ያገኘውን የሙያ ስም አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚተወው ለምንድን ነው? ንድፉን የሠራው ላየንስ ከሆነ፣ ታውንሰንድ የሠራው በትክክል ምንድን ነው?

ጥያቄው ለእኔ እንዲሁ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምኖርበት ሕንፃ አሥራ ስምንት ቤቶች አሉት፤ ግቢው «የጋራ» ይባላል፤ የደረጃው መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ ሣሩ በሰው ቁመት አድጓል። መዋጮ በየዓመቱ እንከፍላለን፤ ሆኖም ደውዬ የማናግረው ሰው ሕንፃችንን አይቶት አያውቅም። ከሰባ ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ ሰፈር እንዲያ ተጠብቆ ሳለ የእኛ ለምን እንዲህ እንደሆነ መረዳት እፈልጋለሁ።

ንድፍ ወዳድ፦

እኅቴ፣ ጥሩ ጥያቄ አንሥተዋል። እኔ አርክቴክት ነኝ፤ ስለ ስፓን ሥራዎች ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ሳነብ ኖሬአለሁ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ታውንሰንድ በ1911 ተወልዶ በ2002 ዐርፏል። ላየንስ በ1912 ተወልዶ በ1980 ነው ያረፈው። ሁለቱ የተዋወቁት ለንደን ውስጥ በሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ በሚማሩበት ጊዜ ነው። ላየንስ በ1936 እና በ1937 ከጀርመን ተሰድዶ ከመጣው ከዋልተር ግሮፒየስ እና ከማክስዌል ፍራይ ቢሮ ውስጥ ሠርቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለቱ ጓደኞች አብረው መሥራት ጀመሩ፤ በ1948 ትዊከናም አጠገብ ዊተን በተባለ አካባቢ ኦክላንድስ የተባሉትን አነስተኛ አፓርታማዎች ሠሩ። ጊዜው የግንባታ ዕቃ በራሽን የሚታደልበት ነበር፤ የግል ግንባታ በፈቃድ የተገደበበት ሥርዓት ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1954 ነው።

በዚያን ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ምርጫው ጠባብ ነበር። ቦታ ያለው ግንበኛ በየመንገዱ ዳር እየደረደረ የሚሸጠው፣ ሁለት ሁለት እየተጣበቀ የሚሠራ ቤት አለ፤ ከአካባቢው አስተዳደር በኪራይ የሚገኝ ቤት አለ። ጥሩ አርክቴክት የነደፈው ቤት የባለጸጎች ነበር። ታውንሰንድና ላየንስ ሊሞሉት የፈለጉት ይህን ክፍተት ነው፤ ስፓን የሚለው ስምም በተራው የግንበኛ ቤትና አርክቴክት በነደፈው ቤት መካከል የተዘረጋን ድልድይ ያስታውሳል።

ችግሩ የተፈጠረው ከዚህ ላይ ነው። የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም የሥነ ምግባር ደንብ በዘመኑ አንድ አርክቴክት ከሚነድፈው ሕንፃ ሽያጭ ትርፍ እንዲያገኝ አይፈቅድም ነበር። የደንቡ ምክንያት በራሱ የሚናቅ አይደለም፦ አርክቴክቱ በደንበኛውና በሥራ ተቋራጩ መካከል ቆሞ ያለ አድልዎ እንዲፈርድ፣ ክፍያውም የሙያ አበል ብቻ እንዲሆን ነው የታሰበው። ነገር ግን ያን ደንብ ያከበረ አርክቴክት መሬት የሚገዛለትና ገንዘብ የሚያፈላልግለት ሌላ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት፤ የሚመጣውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዛፉን ቆርጦ ተጨማሪ ቤት ማስገባት የሚፈልግ ነው። ታውንሰንድ በ1950ዎቹ ከተቋሙ አባልነት ለቀቀና አልሚ ሆነ፤ ላየንስ አርክቴክት ሆኖ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ሌስሊ ቢልስቢ የተባለው የብላክሂዝ ግንበኛ ተጨመረና ሥራው በሦስቱ ትከሻ ላይ ሆነ።

እኔ ይህን ውሳኔ እንደ ሽሽት አላየውም። በሙያችን ውስጥ ያለን ሰዎች መልካም ንድፋችን በደንበኛው ስስት ተበላሸ ብለን ስናማርር እንኖራለን፤ ታውንሰንድ ግን ደንበኛውን ራሱን ሆነ። መሬት ማፈላለግ፣ ባንክ ማሳመን፣ ዋጋ መተመን፣ ከፕላን ባለሥልጣኖች ጋር መከራከር፣ ንድፉ በወጪ ምክንያት ሲቆራረጥ የትኛው ይቅር የትኛው ይቆይ ብሎ መወሰን የእርሱ ሥራ ነበር። ይህ ሁሉ በፎቶግራፍ አይታይም። ላየንስ ሽልማት ተቀብሏል፤ ከ1975 እስከ 1977 ድረስም ታውንሰንድ የለቀቀው ያው ተቋም ፕሬዚዳንት ሆኗል። ታሪክ የሚጻፈው ንድፍ ትቶ ባለፈው ሰው ዙሪያ ነውና ስሙ ጎልቶ መቅረቱ አያስደንቅም።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው በሪችመንድ አጠገብ፣ ሃም ኮመን ላይ የሚገኘው ፓርክሊስ ነው። ከ1954 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት 169 አፓርታማዎችና ጥቂት ሱቆች ተሠሩበት። ቦታው ቀድሞ የችግኝ ማፍያ ስለነበር ነባር ተክሎችና ዛፎች ነበሩበት፤ እነርሱ በተቻለ መጠን እንዲቆዩ ተደርጎ ሕንፃዎቹ በመካከላቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ የአትክልቱን ጉዳይ በተለይ አይቨር ከኒንግሃም፣ በ1960ዎቹም ዴንማርካዊው ፕሬበን ያኮብሰን ተያይዘውታል። በለንደን ዙሪያ የሚሠራ ሌላ አልሚ ለተክል ባለሙያ ደመወዝ መክፈል እንደ ቅንጦት በሚቆጥርበት ጊዜ ስፓን ዛፍና ሣርን ከግድግዳ እኩል ያይ ነበር። ታውንሰንድ ገንዘቡን ባይፈቅድ ኖሮ ይህ በወረቀት ላይ ይቀር እንደነበር አልጠራጠርም።

የሊዝ ሰው፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ አልተነሣም። እኔ ለንደን ውስጥ በመኖሪያ ሕንፃዎች አስተዳደር ሥራ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ ሰፈር የማየው ከግድግዳው ይልቅ በውሉ በኩል ነው። የጠያቂዋን ችግር የሚነካውም ይኸኛው ነው።

በእንግሊዝ ሕግ አንድ እንግዳ ነገር አለ። የመሬትና የቤት ሙሉ ባለቤት የሆነ ሰው «ለጋራ ግቢው በየዓመቱ እከፍላለሁ» ብሎ ቢፈርም፣ ቃሉ የሚያስረው እርሱን ብቻ ነው። ቤቱን ለሌላ ሲሸጥ የመክፈሉ ግዴታ ለአዲሱ ገዢ አይተላለፍም። የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን በ1885 በሰጠው ውሳኔ አጽንቶታል፤ ደንቡ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። ስለዚህ አንድ አልሚ ሠላሳ ቤት ሠርቶ በመካከላቸው የጋራ አትክልት ቢተው፣ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሲከፍሉ ይቆያሉ፤ ቤቶቹ አንድ ሁለቴ ከተሸጡ በኋላ ግን መዋጮውን የሚያስገድድ የለም። አትክልቱ ይነጥፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ለመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ወይም ይሸጣል።

በሊዝ ግን፣ ማለትም ቤቱ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ተሰጥቶ መሬቱ የሌላ ባለቤት ሆኖ ሲቀር፣ ነገሩ ሌላ ነው። ለ99 ዓመት የተሰጠ የሊዝ ውል ላይ የተጻፈ ግዴታ ቤቱን ተከትሎ ከገዢ ወደ ገዢ ይሄዳል። ታውንሰንድ የተጠቀመው ይህን መንገድ ነው፤ መንገዱ ራሱ የቆየ ነበር፤ የባላባት ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን የለንደንን ሰፈሮች ያስተዳደሩት በዚሁ ነው። አዲሱ ነገር ሥልጣኑን ለማን እንደሰጠው ነው። በስፓን ሰፈሮች ቤት የገዛ ሰው ሁሉ የነዋሪዎች ማኅበር አባል መሆኑ ከውሉ ጋር የተያያዘ ነበር። ማኅበሩ በሕግ የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ግቢውን፣ የሕንፃውን የውጭ አካል፣ ቀለሙን፣ አትክልተኛውን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው፤ መሪዎቹን የሚመርጡት ነዋሪዎቹ ናቸው። መዋጮ ያልከፈለውን ሰው የሚጠይቀው የሩቅ ባላባት መሆኑ ቀርቶ ደረጃ ላይ በየማለዳው ሰላም የሚለው ጎረቤቱ ይሆናል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ እድርን ማሰብ ይበቃል። እድር የሚጸናው አባሎቹ ደጎች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ስም ስለሚጠራ፣ የቀረ ስለሚቀጣ፣ ገንዘብ ያዡ ስለሚታወቅ ነው። ታውንሰንድ ለሣር ሜዳው እድር አቋቋመለት ብል ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር አፓርታማ ይከራዩታል እንጂ እምብዛም አይገዙትም ነበር፤ ብድር ሰጪዎችም መሬት ላይ ላልቆመ ቤት ገንዘብ ማበደር ያስፈራቸዋል። በሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ዋስትናው ምንድን ነው? ከታች ያለው ጎረቤት ግድግዳውን ባያድስ ከላይ ያለው ምን ይሆናል? የነዋሪዎች ማኅበሩና ጥብቅ ውሉ ለዚህም መልስ ነበሩ፤ ሕንፃው እንደማይፈርስ፣ የሚጠግነውም አካል እንዳለ ለአበዳሪው ያሳያሉ። ስለዚህ ያ ወረቀት ማኅበራዊ ሕልም ብቻ አልነበረም፤ ነገሩን በገበያ ውስጥ የሚያቆም ምሰሶም ነበር። ታውንሰንድን የማደንቀው በዚህ ነው፤ በጎ ሐሳቡን ከሒሳቡ ጋር አስማምቶ ነው የሄደው።

ጠያቂዋ፣ የእርስዎ ሕንፃ ከብላክሂዞቹ የሚለየው በግንቡ ጥራት አይመስለኝም። የእርስዎን መዋጮ የሚሰበስበው ሰው እዚያ አይኖርም፤ መብራቱ ቢጠፋ እርሱ አይጨልምበትም። ውልዎን አውጥተው ያንብቡት። በውሉ ላይ ማኅበር ባይጠቀስም እንኳ የ2002ቱ ሕግ በረጅም ሊዝ የያዙ የአፓርታማ ባለቤቶች የሕንፃቸውን አስተዳደር እንዲረከቡ ይፈቅዳል፤ የአስተዳዳሪውን ጥፋት ማረጋገጥ አያስፈልግዎትም። ዋናው ቅድመ ሁኔታ ከአፓርታማዎቹ ቢያንስ የግማሾቹ ባለቤቶች ለዚሁ ተብሎ በሚቋቋመው ድርጅት ውስጥ አባል መሆናቸው ነው። ሌሎችም መመዘኛዎች ስላሉ ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ጎጆ ወጪ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ውዳሴ ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

የስፓን ቤቶች ውብ መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን «ለማኅበረሰብ የሚያስብ አልሚ» ስንል ስለ የትኛው ማኅበረሰብ እንደምንናገር መጠየቅ አለብን። ገዢዎቹ በአመዛኙ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ጋዜጠኞች፣ ራሳቸውም አርክቴክቶች ነበሩ። ብድር የማግኘት አቅም የሌለው ሰው በዚያ ሣር ላይ ከልጆቹ ጋር መቀመጥ አይችልም ነበር። ዛሬ ደግሞ ዋጋው እጅግ ስለተሰቀለ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ዓይነት ደመወዝ ያለው ወጣት መምህር እንኳ አይጠጋውም። ያ የተመሰገነው ውልም ሁለት ስለት አለው፦ ሰፈሩን የጠበቀው ውል በርህን የምትቀባበትን ቀለም ሳይቀር ጎረቤትህ እንዲወስንልህ ያደርጋል። ከአገሩ መጥቶ፣ ልብሱን ውጭ ማስጣት የለመደ፣ ዘመድ ሲመጣበት አሥር ሰው የሚያስተናግድ ቤተሰብ በእንዲህ ያለው ሰፈር ምን ያህል ይመቸው ነበር?

እኔ በኬንት አውራጃ በምትገኘው በኒው አሽ ግሪን አጠገብ ለሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ታውንሰንድ ከሁሉም የበለጠ ተስፋ የጣለባት መንደር እርሷ ነበረች ይባላል። እዚያ የሆነውን ሳታነሡ ስለ ቅርሱ መናገር የጎደለ ነገር አለው።

ንድፍ ወዳድ፦

ወንድሜ ጎጆ ወጪ ያነሡት ትችት ተገቢ ነው፤ በተለይ ኒው አሽ ግሪን ሳትነሣ መቅረቷ የእኔ ጉድለት ነው። ታሪኳ ግን ክርክርዎን በከፊል የሚደግፍ፣ በከፊልም የሚያፈርስ ሆኖ ነው የማገኘው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስፓን በየቦታው ሃያና ሠላሳ ቤት መሥራቱን አልፎ አንድ ሙሉ መንደር ለመመሥረት ተነሣ፤ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ የእግር መንገድ ያለው፣ ከአምስት ሺሕ በላይ ሰው የሚኖርበት መንደር። የኬንት አስተዳደር ተቃወመ፤ ጉዳዩ በሕዝብ ፊት በተደረገ ምርመራ ታየ፤ መርማሪው ፈቃድ እንዳይሰጥ መከረ። የቤቶች ሚኒስትሩ ሪቻርድ ክሮስማን ግን ገና ሥልጣን እንደያዘ፣ በ1964 ምክሩን ወደ ጎን ትቶ ፈቀደ። መንደሩ በሠፈር በሠፈር ተከፋፍሎ እያንዳንዱ የራሱ የነዋሪዎች ማኅበር፣ ሁሉም በጋራ ደግሞ የመንደር ማኅበር እንዲኖራቸው ታቀደ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ፤ እነዚህ ቤቶች ለማን ነበሩ? በዕቅዱ መሠረት ከሁለት ሺሕ ገደማ ቤቶች 450ዎቹን የታላቋ ለንደን ምክር ቤት ገዝቶ በኪራይ ቤት ወረፋ ለሚጠብቁ የለንደን ሰዎች ሊሰጥ ነበር። የኪራይ ቤቶቹና የግል ቤቶቹ በአንድ ንድፍ፣ በአንድ አትክልት ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ታውንሰንድ በሃም ኮመንና በብላክሂዝ ያልቻለውን፣ ማለትም ብድር የማያገኘውን ሰው በዚያው ሣር ላይ ማስቀመጥን፣ እዚህ ሊያደርገው ነበር። በመካከሉ የምክር ቤቱ አመራር ተቀየረ፤ በ1969 ምክር ቤቱ ከስምምነቱ ወጣ። ዘመኑ ብድር የጠበበበት ስለነበር የግል ሽያጩም ተዳክሞ ነበር፤ ስፓን የዚያን ያህል ሸክም ብቻውን የሚችልበት አቅም አልነበረውም። ሥራው ቆመ፤ በ1971 ቦቪስ የተባለው ትልቅ የግንባታ ኩባንያ ተረክቦ በተለመደው ዓይነት ቤት ጨረሰው። ዛሬ ኒው አሽ ግሪን ውስጥ የሚሄድ ሰው የስፓን ሠፈሮች የት እንደሚያበቁና የሌላው የት እንደሚጀምር በዓይኑ ይለያል።

ስለዚህ ታውንሰንድ ድሀውን አላሰበም ማለት ከእውነቱ ጋር አይሄድም። ይልቅ የአንድ የግል አልሚ በጎ ፈቃድ የት ላይ እንደሚያበቃ ያየነው በዚህች መንደር ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ሲነሣ የመቀላቀሉ ሐሳብም አብሮ ተነሣ። በቀለሙ ነገር ግን አልከራከርዎትም። እኔም በእንዲህ ያለ ሰፈር ስኖር የበር ቀለም ለመቀየር ለኮሚቴ ደብዳቤ የጻፍኩበት ጊዜ አለ፤ መልሱም እምቢታ ነበር። አናድዶኛል። ጥቂት ወራት ቆይቼ ግን ከመስኮቴ ስመለከት አርባው በር አንድ ላይ የሚሰጠው ውበት የእኔ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ገብቶኛል።

ብሎክ 14፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው፤ ለአራት ዓመት የኮንዶሚኒየም ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። ስለ ታውንሰንድ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ የሊዝ ሰው የጻፉትን ሳነብ ግን የራሴን ግቢ ያየሁ መሰለኝ።

በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙና የጋራ የሆነውን የሕንፃውን ክፍል እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። ሕጉ አለ። በእኛ ብሎክ የጎደለው ታውንሰንድ ያደረገው ሌላው ነገር ነው፦ ማኅበሩ ከመጀመሪያው ቀን፣ ቁልፍ ከመረከብ ጋር አብሮ መወለዱ። እኛ ዘንድ ሰው በዕጣ ገባ፤ ብዙው ቤቱን አከራየ፤ ማኅበሩ የተቋቋመው ውሃ መውረጃው ከፈነዳ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከባለቤቶቹ ግማሹን በስልክ እንኳ ማግኘት አልቻልንም ነበር። ተከራዩ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል፤ ባለቤቱ «የምትኖሩት እናንተ» ይላል። በመጨረሻ ነገሩን የፈታነው ተከራዮችን ጭምር በስብሰባው ላይ በማስቀመጥና የመዋጮውን ሒሳብ በየወሩ ደረጃው ሥር በመለጠፍ ነው። አሁን ለበግ ማረጃና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው የጋራ ቤት ታድሷል፤ የግቢው ዛፎችም ውሃ የሚያጠጣቸው ዘበኛ አላቸው።

የሊዝ ሰውን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእነዚያ የስፓን ሰፈሮች የ99 ዓመቱ ጊዜ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

የሊዝ ሰው፦

ብሎክ 14፣ የመዋጮው ሒሳብ ደረጃው ሥር መለጠፉ እኔ በሥራዬ ካየሁት ዘዴ ሁሉ የሚሻል ነው፤ አመሰግናለሁ።

በ1950ዎቹ የተፈረመ የ99 ዓመት ውል በ2050ዎቹ ያበቃል ማለት ነው፤ ሕጉ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ቤቱ ወደ መሬቱ ባለቤት በተመለሰ ነበር። ሆኖም በ1967 የወጣ ሕግ አፓርታማ ያልሆነ ቤት በሊዝ የያዙ ሰዎች መሬቱን እንዲገዙ ፈቀደ፤ በ1993 የወጣው ደግሞ የአፓርታማ ባለቤቶች ተባብረው ሙሉውን ሕንፃ እንዲገዙ ወይም እያንዳንዱ ውሉን በ90 ዓመት እንዲያራዝም መብት ሰጠ። የ1967ቱ ሕግ ለታውንሰንድ ዓይነት ሰፈር አደጋም ነበረው፤ እያንዳንዱ ሙሉ ባለቤት ሲሆን ያ የመክፈል ግዴታ ይበተናል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ስላዩ የጋራ አስተዳደር ያላቸው ሰፈሮች ሥርዓታቸውን በፍርድ ቤት አስፈቅደው የሚያቆዩበት መንገድ አብረው አስቀመጡ። ይህ መንገድ ባይኖር ብዙ የጋራ ሜዳ በአጥር ተሸንሽኖ ነበር።

ስለ ታውንሰንድ የመጨረሻ ዓመታት አንድ ነገር ልጨምር። በኒው አሽ ግሪን የደረሰበት ኪሳራ ከሥራው አላስወጣውም። ከቢልስቢ ጋር እንደገና ተነሥቶ፣ በትዊከናም በቴምዝ ወንዝ ዳር ማላርድ ፕሌስ የተባለው ሰፈር ተሠራ፤ ንድፉ የላየንስ ነበር። ግንባታው በ1984 ሲጠናቀቅ ላየንስ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ሥራቸውን የጀመሩባት ዊተን ከዚያ ብዙም አትርቅም። ከ1948 እስከዚያ ዓመት ድረስ በስፓን ስም የተሠሩት ቤቶች ከሁለት ሺሕ ይበልጣሉ፤ ለአንድ አገር የቤት ፍላጎት ጠብታ ነው፤ ፓርክሊስንና ሆልጌትን ጨምሮ አንዳንዶቹ ዛሬ በቅርስነት ተመዝግበዋል።

መንገደኛዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ለሁለት ሳምንት ደጋግሜ ሳነብ ቆየሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ብላክሂዝ ሄጄ ያንን የጎበጠ ሰው እንደገና አየሁት። ከዚህ በፊት ላየንስ ይመስለኝ ነበር። አሁን ታውንሰንድንም አሰብሁ፤ ሸክሙን የተሸከመው ከተቋሙ ውጭ ሆኖ መሆኑን አስቤ ትንሽ ቆየሁ። አንዲት አሮጊት ሣሩ ላይ የወደቁ ቅጠሎች ይለቅሙ ነበር። የሰፈሩ አትክልተኛ እንዳለ ስለማውቅ ለምን እንደሚደክሙ ብጠይቃቸው፣ በኮሚቴው የአትክልቱ ኃላፊ እርሳቸው እንደሆኑና አትክልተኛው የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ።

የጎጆ ወጪን ጥያቄ ግን አልረሳሁትም። የእኛ ሕንፃ ነዋሪዎች የአንድ ዓይነት ሰዎች አይደለንም፤ ናይጄሪያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ሁለት የሶማሊያ ቤተሰቦችና አንድ በጡረታ ያሉ የአየርላንድ ሰው አሉ። ስለዚህ ማኅበር ብናቋቁም ልብስ ማስጣት የሚከለክል ደንብ እንዳይገባ ከአሁኑ ተናግሬአለሁ፤ ብሎክ 14 እንደመከሩትም ተከራዮቹ ያለ ድምፅም ቢሆን በስብሰባው ይቀመጣሉ።

ውሌን አውጥቼ አነበብኩት፤ ከአርባ ገጽ በላይ ነው። ስለ ነዋሪዎች ማኅበር አንድም ቃል የለበትም። ጠበቃ አማክሬ የ2002ቱ ሕግ ለሕንፃችን እንደሚሠራ ነግረውኛል። ከአሥራ ስምንቱ ቤቶች ዘጠኙ መፈረም አለባቸው። የእኔን ጨምሮ ሰባት ፈርመዋል። ስምንተኛው የአየርላንዱ አዛውንት ናቸው፤ መነጽራቸውን እስኪያገኙ ወረቀቱን ትቼላቸው መጥቻለሁ። ለዘጠነኛው ዛሬ ማታ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በር አንኳኳለሁ፤ የደረጃው መብራት እንደጠፋ ስለሆነ የእጅ ባትሪ ይዤ ነው የምወጣው።